የመኪናው ወዝና የወልዋዩ ወዝ

መኪናን ከውጭ በኩል በባለሙያ ለማሳጠብና ለማስወልወል ስንት መክፈል ይገባል? ይህ ጥያቄ በታክሲ ማቆሚያ ተራ ስንጠብቅ ዘወትር የሚነሳ፣ ዘወትርም ሳይቋጭ የሚቀር ነው። አንዱ «በ20 ዶላር አሳጥቤ ሰም አስቀባሁ፤ ምን ጎደለኝ?» ይላል። ሌላው 400 ዶላር መክፈሉን ሲናገር «ተበላህ!» ተብሎ ይሳቅበታል። 1,200 ዶላር ተጠይቆ ደንግጦ የተመለሰም አይጠፋም። የሚገርመው ግን ሦስቱም የሰሙት ዋጋ ትክክለኛ ሊሆን መቻሉ ነው። አሜሪካኖች «ዲቴይሊንግ» በሚሉት በዚህ አንድ ስም ሥር የሃያ ደቂቃ ሥራም የሦስት ቀን ሥራም ተጠቃሎ ይሸጣል። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ ይዞ መከራከር፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገር የአውቶቡስ ቲኬት ውድ ነው ርካሽ ነው ብሎ እንደ መሟገት ይቆጠራል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዛሬ ታክሲ ነጂ ይሁን እንጂ አገር ቤት ሳለ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምር ነበር። የታሪክ መምህር ደግሞ ዋጋ ሲጠሩለት «ከየት መጣ?» ማለት ልማዱ ነው። ስለዚህ ወደ ዶላሩ ከመድረሳችን በፊት አንባቢን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አውቶሞቢል ሲፈጠር የራሱ ቀለም አልነበረውም። ቀለሙንም ቀቢውንም የወረሰው ከፈረስ ሠረገላ ነው። የሠረገላ ቀቢ በዘይት የተለወሰ ቀለም በብሩሽ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ቀናት ይጠብቃል፤ ከዚያም በደቀቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በውሃ እያሸ ያለሰልሰዋል፤ ደግሞ ይቀባል፤ ደግሞ ያሻል። ይህ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ በመጨረሻ ቫርኒሽ ይደረብበታል። አንድ መኪና በዚህ አኳኋን ቀለሙ ተቀብቶ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በ1907 ተነሥቶ ከጅቡቲ ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ ያደረሰው አውቶሞቢልም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በአማርኛችን «ወዝ» የሚለው ቃል የሚያብረቀርቅ ገጽንም የሠራተኛን ላብም አንድ ላይ ይይዛል፤ በአብዮቱ ዘመን ጆሯችን እስኪደነቁር የሰማነው «ወዛደር» የሚባለው ቃል ከዚሁ የተቀዳ ነው። የሠረገላ ቀቢዎች ዘመን ይህ ቃል በሁለት ትርጉሙ በአንድ ቦታ የተገኘበት ዘመን ነበር፤ መኪናው የሚያበራው ሰውየው በላበው ልክ ነው።

ሄንሪ ፎርድ ይህን አልወደደውም። ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና በ1908 በ850 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በ1913 የመገጣጠሚያውን መስመር ሲዘረጋ ደግሞ መኪናዋ በሰዓታት ውስጥ ተገጣጥማ መውጣት ጀመረች። ታዲያ በሰዓታት የተገጣጠመችን መኪና ቀለም እስኪደርቅላት ሳምንታት ማቆም የት ያደርሳል? መልሱ ጥቁር ቀለም ሆነ። ከአስፋልት ዘር የሚሠራውና በምድጃ ሙቀት የሚደርቀው ጥቁር ኤናሜል ርካሽም ጠንካራም ስለነበረ ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ ከጥቁር በቀር በሌላ ቀለም አልተሸጠችም። በዚያው በ1914 ጥር ወር ፎርድ ለሠራተኞቹ በቀን 5 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ፤ ጊዜው ለጉድ የተወራለት ደመወዝ ነበር። ሰዓቱ ስላጠረለት ደመወዙን ከፍ አድርጎም የመኪናዋን ዋጋ ማውረድ ቻለ፤ በ1925 ትንሿ ሞዴል ቲ 260 ዶላር ወርዳ ነበር። የሰዓትና የዋጋ ዝምድና ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የታየበት የታሪክ ገጽ ያለ አይመስለኝም።

ጄኔራል ሞተርስ በበኩሉ ሕዝቡ ቀለም እንደሚወድ ገባው። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ባሩድና ፈንጂ ሲሠራ የኖረ ነው። ለፈንጂ ከሚውለው ከዚያው የጥጥና የአሲድ ቅንብር «ዱኮ» የተባለ በመርጫ የሚረጭ ቀለም አወጣ። በ1923 ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ የተባለችውን መኪናውን በዚህ ቀለም ሰማያዊ ቀብቶ የ1924 ሞዴል ብሎ አቀረባት። ስለ ኩባንያው የምርምር ኃላፊ ስለ ቻርልስ ኬተሪንግ አንድ ወግ ይተረካል። ቀለም ቶሎ ሊደርቅ አይችልም ብሎ የሚከራከረውን ሰው ምሳ ጋብዞት መኪናውን ምን ዓይነት ቀለም ማስቀባት እንደሚወድ ይጠይቀዋል። ምሳው አልቆ ሲወጡ ሰውየው መኪናውን ማግኘት ያቅተዋል። አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ግን በጠቀሰው ቀለም ተቀብታ ደርቃለች። ወጉ ተኳኩሎ ሊሆን ይችላል፤ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ ግን በእርግጥም ወደ ሰዓታት ወርዷል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው። ዱኮ ቶሎ ይድረቅ እንጂ ደርቆ ሲወጣ ደብዛዛ ነበር። እንዲያበራ ፋብሪካው ውስጥ በሚያሽ ነገር መታሸት ነበረበት። ፀሐይ ሲመታውም ከጊዜ በኋላ እንደ ኖራ እየቦነነ ወዙን ያጣል። ስለዚህ ኬሚስቱ ከቀለም ቀቢው ሰዓት ላይ የቀነሰው ልፋት ጨርሶ አልጠፋም፤ በከፊል ወደ መኪናው ባለቤት ክንድ ተዛወረ። ዱፖንትም አላፈረም፤ ቀለሙን ሸጦ ሲያበቃ፣ የደበዘዘው ቀለም የሚወለወልበትን «ቁጥር 7» የተባለ የዱኮ ፖሊሽ ደግሞ ሸጠ። በሽታውንም መድኃኒቱንም ከአንድ ሱቅ መግዛት ይሏል ይህ ነው።

በዚህ ገበያ መጀመሪያ የገነነው በ1910 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው ሲሞናይዝ ነው። አንዱ ቆርቆሮ የሚያጠራ፣ ሌላው ቆርቆሮ ሰም ነበር። ሁለቱንም በእጅ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ በጨርቅ ወልውሎ ለመጨረስ የአንድ ሰው ቅዳሜ ሙሉውን ይሄዳል። ስሙ ከመግነኑ የተነሣ መኪና መወልወልን የሚገልጽ ግሥ ሆኖ መዝገበ ቃላት ገባ። በ1940ዎቹ ደግሞ ቤንጃሚን ሂርሽ የተባለ ሌላ የቺካጎ ሰው ኋላ ተርትል ዋክስ የተባለውን ፈሳሽ ፖሊሽ ይዞ ተነሣ። የቤዝቦል ጨዋታ በሚካሄድበት በሪግሊ ፊልድ አካባቢ የቆሙ መኪናዎችን አንድ አንድ ፓራፋንጎ ብቻ ወልውሎ፣ ባለቤቶቹ ከጨዋታው ሲወጡ እየጠበቀ ይሸጥ ነበር ይባላል። አንዱ ፓራፋንጎ አብርቶ ሌላው ደብዝዞ ያየ ሰው ከኪሱ ሳያወጣ እንዴት ይሄዳል? የመርካቶ ነጋዴም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ብልሃት አያመጣም።

የሰሙን ነገር ካነሣን ከየት እንደሚመጣ መናገር ያስፈልጋል፤ የዋጋው ሌላ ሥር እዚያ ነውና። «ካርናውባ» የሚል ጽሑፍ በመኪና ሰም ቆርቆሮ ላይ ያላየ የለም። ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሴያራ፣ በፒያዊና በሪዮ ግራንዴ ዶ ኖርቴ የሚበቅል የዘንባባ ዘር ነው። አገሩ ድርቅ የሚያጠቃው በመሆኑ ዛፉ እርጥበቱ እንዳይተንበት ቅጠሉን በሰም ይለብጣል። የአገሩ ሰዎች «የሕይወት ዛፍ» ይሉታል። በበጋው ወራት ሠራተኞች በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ማጭድ ቅጠሉን ይቆርጣሉ። ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ሲመታ ሰሙ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ከአንድ ቅጠል የሚገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ዱቄቱ ቀልጦ፣ ተጣርቶ፣ ተሰባብሮ ወደ ፋብሪካ ይላካል።

በ1935 የወለል ሰም በመሥራት የታወቀው የጆንሰን ኩባንያ ባለቤት ኤች ኤፍ ጆንሰን፣ በምድርም በውሃም ላይ በሚያርፍ ሲኮርስኪ አውሮፕላን ከዊስኮንሲን ተነሥቶ ይህን ዛፍ ፍለጋ እስከ ፎርታሌዛ ድረስ በረረ። ልጁ ሳም ጆንሰን ደግሞ በ1998 በዚያው ዓይነት አውሮፕላን የአባቱን መንገድ ደገመው። ስለ አውሮፕላኑ ብዙ ተጽፏል፤ ዘንግ ይዘው ቅጠል ስለሚቆርጡት ሰዎች የተጻፈው ግን ከዚያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በ2017 የጀርመን ቴሌቪዥን ባቀረበው ዘገባ የካርናውባ ቆራጮች በቀን 12 ዶላር ገደማ እየተከፈላቸው፣ ሜዳ ላይ ወይም መኪና ውስጥ እያደሩ፣ ያልተጣራ የወንዝ ውሃ እየጠጡ እንደሚሠሩ አሳይቷል። የዘገባው መነሻ የልጆች ከረሜላ ነበር፤ ከረሜላውን የሚያወዛውና መኪናውን የሚያወዛው ሰም ግን አንድ ነው።

አንባቢ «የእኛስ የንብ ሰም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ሰም ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፤ ጧፉን ማንም ያውቀዋል። የንብ ሰምም በልዩ ልዩ ፖሊሾች ውስጥ ይገባል። ችግሩ ሙቀት ላይ ነው። የንብ ሰም በ62 እና 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል፤ ካርናውባ ግን 82 እስኪደርስ ይቋቋማል። በሐምሌ ፀሐይ የቆመ ጥቁር መኪና ኮፋኖው ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ብቻውን የተቀባ የንብ ሰም እዚያ ላይ ጧፍ ይሆናል ማለት ነው።

ከዕቃው ወደ ሰዎቹ እንለፍ። በ1914 ዲትሮይት ውስጥ «የአውቶሞቢል ልብስ አጣቢ» የሚል ዓይነት ስም ይዞ የተከፈተው የመኪና ማጠቢያ የፎርድን መስመር የኮረጀ ነበር፤ ልዩነቱ መኪናውን የሚያንቀሳቅስ ሞተር ባለመኖሩ ሰዎች ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው ይገፉት ነበር። አንዱ ሳሙና ይቀባል፣ አንዱ ያለቀልቃል፣ አንዱ ያደርቃል። ኋላ ሰንሰለቱና የሚሽከረከረው ብሩሽ መጣና የማጠቡን ሰዓት ወደ ደቂቃ አወረደው። ነገር ግን መኪናው ከዋሻው ሲወጣ በጨርቅ የሚጠባበቁት ሰዎች አልቀሩም። እነዚህ ሰዎች በየዘመኑ በከተማው ውስጥ ዝቅተኛውን ደመወዝ ለመቀበል የተገደዱት ናቸው፤ በአንድ ወቅት ከደቡብ የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ኋላም ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ስደተኞች። ከእኛም ወገን ወደዚህ አገር በመጣ በማግሥቱ ጨርቅ ያልያዘ ጥቂት ነው ማለት ይቻላል።

የደመወዙ ነገር ሕግ እስከማስወጣት ደርሷል። ካሊፎርኒያ በ2003 ባወጣው ሕግ የመኪና ማጠቢያ ባለቤቶች እንዲመዘገቡ፣ የሥራ ሰዓትና የክፍያ መዝገብ እንዲይዙ፣ ደመወዙን ለተከለከለ ሠራተኛ መካሻ የሚሆን ገንዘብ እንዲዋጣ አደረገ። በዚያ ክፍለ ሀገር ብዙ አጣቢዎች የሚኖሩት በቲፕ ብቻ ነበርና። ኒውዮርክ ከተማ በ2012 አጣቢዎች በማኅበር መደራጀት ከጀመሩ በኋላ በ2015 ባለቤቶቹ ለደመወዝ ዋስትና የሚሆን ቦንድ እንዲያስይዙ የሚያዝ ሕግ አጸደቀ። በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር አሠሪ የሠራተኛውን ቲፕ ቆጥሮ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች እንዲከፍል የሚፈቅደው አሠራር ለአጣቢዎች የቀረው በ2020 ነው። እንግዲህ «በ20 ዶላር አሳጠብኩ» የሚለው ወንድማችን ቀሪውን ማን እንደከፈለለት ከዚህ መገመት ይችላል።

አሁን ዲቴይሊንግ ወደሚባለው እንግባ። በ1980ዎቹ የመኪና ቀለም ባሕርይ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ቀለሙ ራሱ ነበር የሚወለወለው፤ ቀይ መኪና የወለወለ ሰው ጨርቁ ቀይ ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቀለሙ ሥር ሆኖ በላዩ «ክሊር» የሚባል ቀለም አልባ ንጣፍ ይደረብበታል። የዛሬ መኪና ብረቱን የሸፈነው ነገር ሁሉ ሲደመር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ክሊሩ ከዚህ ውስጥ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የሰው ጠጉር ከዚህ ይወፍራል። ፀሐይን የሚከላከለው መድኃኒት ያለው በዚህ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። የሸረሪት ድር የሚመስለውን ጭረት በማሽን ማጥፋት ማለት ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ በዙሪያው ያለውን ክሊር ዝቅ ማድረግ ማለት ነው። ባለሙያው ጥቂት ማይክሮን ብቻ ያነሣል፤ ውፍረቱንም በመለኪያ እያየ ይሠራል። ችኩሉ በጠርዝ በጠርዙ በኩል እስከ ቀለሙ ይደርሳል። የሄደ ክሊር አይመለስም። በርካሽ ዋጋ ሲሠራ ሌላው ከፋይ መኪናው ነው የምለው ለዚህ ነው።

ደረጃዎቹን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ፒያሳ ላይ ሊስትሮ ፊት እግሩን አስቀምጦ የሚያውቅ ሰው ያውቃቸዋል። «ሊስትሮ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ላቫጆ፣ እንደ ባትላሜራ፣ እንደ ኮፋኖ ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው፤ ትርጉሙም ከማብራት ጋር የተያያዘ ነው። ጥሩ ሊስትሮ መጀመሪያ አቧራውን ያራግፋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጭቃውን ያስለቅቃል፤ ቀለም ይቀባል፤ በብሩሽ ይፈትጋል፤ በመጨረሻ በጨርቅ ያስጮኸዋል። ጭቃውን ሳያስለቅቅ ቀለም የሚቀባ ሊስትሮ ጫማ ያበላሻል። መኪናም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ በሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሳሙና አንዱ ለማለቅለቂያ፣ ይታጠባል። ቀጥሎ በሳሙና የማይለቀው ሬንጅ፣ የብሬክ ብናኝና የዛፍ ሙጫ ክሌይ በሚባል ጭቃ መሰል ነገር እየታሸ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑና የሚያሸው ፖሊሽ የሚመጡት። ሰሙ መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚሠራውም መከላከል እንጂ ጭረት ማጥፋት አይደለም።

እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ያጠና ሕዝብ መታለል አይገባውም ነበር። ያገለገለ መኪና ከመሸጡ በፊት የጭረቱን ጉድጓድ የሚሞላ ዘይታም ፖሊሽ ይቀባል። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት መስተዋት ይመስላል፤ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ግን ሰሙ ይሄድና ጭረቱ እንደነበረ ብቅ ይላል። «አስወለወልኩት፤ ግን አልቆየም» የሚሉ ብዙዎቹ የገዙት ይህንን ነው። ሥራው በእርግጥ ተሠርቶ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መኪናውን ሲረከብ ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ ባለሙያውም የቀባው ነገር እንዲነሣለት ቁራጭ ቦታ በአልኮል እንዲጠርግለት ጠይቆ ይመልከት። ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መካከለኛ መጠን ያለው መኪና አንድ ዙር በማሽን ለመወልወል ማጠቡና ክሌዩ ሁለት ሰዓት፣ ማሽኑ አራትና አምስት ሰዓት፣ መከላከያው አንድ ሰዓት፣ በጠቅላላው ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዋሽንግተን ዲሲ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ በሐምሌ 2025 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ሆኗል። በስምንት ሲባዛ 143 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። ይህ ገና ጀማሪ ሠራተኛ የሚያገኘው ነው። ፖሊሹ፣ ስፖንጁ፣ ጨርቁ፣ ውሃው፣ የቦታው ኪራይ፣ ኢንሹራንሱና የመንግሥት ግብር አልተቆጠረም። ስለዚህ «ሙሉ ፖሊሽ በ150» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ከሦስት አንዱን ይጠርጥር፤ ሥራው አይሠራም፣ ወይም ሠራተኛው አይከፈለውም፣ ወይም ስምንቱ ሰዓት በጠንካራ ማሽንና ሻካራ ፖሊሽ ወደ ሁለት ሰዓት ተጨፍልቋል።

በእኔ ግምት ለእውነተኛ የአንድ ዙር ሥራ ከ300 እስከ 500 ዶላር መክፈል ያገባል። በእጅ ማሳጠብና ሰም ማስቀባት ብቻ ከሆነ ሁለትና ሦስት ሰዓት ነውና ከ100 እስከ 180 በቂ ነው። ሁለትና ሦስት ዙር የሚወለወል መኪና ከ16 እስከ 20 ሰዓት ስለሚወስድ፣ ሠሪውም የሠለጠነ መሆን ስላለበት 1,000 ዶላር ቢጠየቅ የሚያስቀይም አይደለም። 20 ዶላሩም ቢሆን ለሚገባው ነገር ከተከፈለ ክፉ አይደለም፤ በዋሻው ውስጥ «ሰም» የሚባለው ከውሃ ጋር ለሰከንዶች የሚረጭ ፈሳሽ መሆኑንና ከጥቂት ሳምንት የማያልፍ መሆኑን ማወቅ ነው። ስለዚህ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ከ«ስንት ነው?» በፊት «ስንት ሰዓት ይሠራል? ስንት ሰው ይሠራዋል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ከዋጋው የበለጠ ይናገራል።

ሴራሚክ ስለሚባለው አንድ ቃል። ይህ ከአሸዋ ማዕድን ዘር የሚሠራ ፈሳሽ ሲሆን ደርቆ ሲጠነክር ከሰም ይበልጥ ዘላቂ ነው፤ ውሃና ቆሻሻ ቶሎ እንዳይጣበቅም ይረዳል። ሻጮቹ ግን «9ኤች ጥንካሬ አለው» እያሉ ከአልማዝ ጎን የሚቆም ያስመስሉታል። 9ኤች የእርሳስ መለኪያ ነው፤ በእርሳስ ጫፍ አይጫርም ማለት ብቻ ነው። የማዕድናት ጥንካሬ የሚለካበት፣ አልማዝ 10 የሚያገኝበት ሚዛን ሌላ ነው። ቁልፍና ሻንጣ ደግሞ እርሳስ አይደሉም። ጭረቱ ሳይጠፋ ሴራሚክ የሚቀባ ሰውም ጭረቱን በመስተዋት አሽጎ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ታክሲ ለያዝን ወገኖች የተለየ ነገር አለ። በዋሽንግተን እያንዳንዱ ኩባንያ የወደደውን ቀለም ይቀባ የነበረበት ዘመን በ2013 አካባቢ በወጣው ደንብ አብቅቶ ታክሲዎች ቀይ ሆነው ግራጫ መስመር እንዲኖራቸው ተደረገ፤ የቀለሙንም ወጪ በአብዛኛው የተሸከመው መኪናው የእርሱ የሆነው ሾፌር ነው። በርካሽ የተቀባ ቀለም ክሊሩ ስስ ይሆናል። እንዲህ ያለውን መኪና ሁለትና ሦስት ዙር ማስወልወል ገንዘብ ከፍሎ ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ክሊሩ እንደ ቆዳ መላጥ ከጀመረ ደግሞ የትኛውም ፖሊሽ አይመልሰውም። «እናበራዋለን» የሚል ቢመጣ አይስሙት፤ የሚያስፈልገው እንደገና መቀባት ብቻ ነው። በበር እጀታ ሥር የተሳፋሪ ጥፍርና ቀለበት የሚያሰፍረውን ጭረት በተመለከተ፣ ጥፍርዎን ሲያንሸራትቱበት የሚይዝዎ ከሆነ ጥልቅ ነውና ማሽን አያጠፋውም፤ የማይይዝ ከሆነ ቀላል ፖሊሽ ይበቃዋል።

ታክሲን ይበልጥ የሚገድለው ጭረት ሳይሆን ጨው ነው። በረዶ ሲጥል በየመንገዱ የሚበተነው ጨው ከላይ አይታይም፤ ከሥር ግን ብረቱን ይበላል። ስለዚህ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ የሥሩን እጥበት የሚጨምረውን 20 ዶላር ገደማ መክፈል፣ በኅዳር በረዶው ሳይመጣ አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያም ጨው ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ በእጅ አሳጥቦ ሰም ማስቀባት ይበቃል። የሁለቱ ሰም ዋጋ ከ360 ዶላር አይበልጥም፤ ካደረቀልዎ ልጅ እጅ ላይ በቀጥታ የሚያኖሩትን 20 ዶላር ጉርሻ ጨምረው ይቁጠሩት።